የጠንካራ ፋይል ጥበብ

ሐበሾች «ፕሮሰስ» የሚሉት ነገር፣ ማለትም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚቀርብን የቪዛ ማመልከቻ ከነማስረጃው አሰናድቶ አስገብቶ መልሱን የመጠበቅ ሥራ፣ ዛሬ የራሱ ሊቃውንት፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ምሥጢር ያለው ዕውቀት ሆኖ ሳለ እስካሁን እንደ ሌሎች ዕውቀቶች መጽሐፍ ሳይጻፍለት መቅረቱ ያሳዝናል። ሊቃውንቱ በአዲስ አበባም ሆነ ከዙሪክ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ በምትርቀው በኡስተር አይታጡም፤ ጉባኤያቸውም ከቅዳሴ በኋላ በሚጠጣ ቡና ዙሪያ ይዘረጋል። የትምህርታቸው መሠረት አንድ ሲሆን፣ እርሱም እውነት እንዳለ ቢቀርብ ማንም ስለማያምነው እውነት እንዲመስል ተደርጎ መሠራት አለበት የሚለው ነው። እንዲህ የተሠራው ፋይል «ጠንካራ»፣ እንዳለ የቀረበው ደግሞ «የሳሳ» ይባላል።

ጥበቡን ለመረዳት ጥበብ የማይጠይቀውን ክፍል ቶሎ ማለፍ ያሻል። በኡስተር የሚኖር፣ «ቢ» የሚባለውን በየጊዜው የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሚስቱን ከኢትዮጵያ ለማምጣት ሲነሣ፣ እርሷ በአዲስ አበባው የስዊዘርላንድ ኤምባሲ «ዲ» የተባለውን፣ ከ90 ቀን ለሚበልጥ ቆይታ የሚሰጠውን ቪዛ ታመለክታለች፤ ወረቀቱም ከዚያ ወደ ዙሪክ ካንቶን የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሚግራሲዮንስአምት፣ ተልኮ ይመረመራል። ሕጉ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩ፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ ቤት እንዲኖር፣ ኑሮው በማኅበራዊ ድጎማ ላይ እንዳይመሠረት፣ የመጪዋም የቋንቋ ዕውቀት ወይም የትምህርት ምዝገባ እንዲታይ፣ ጥያቄውም በ5 ዓመት ውስጥ፣ ዕድሜው ከ12 ለበለጠ ልጅ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ እንዲቀርብ ነው። ይህ ሁሉ በኪራይ ውልና በደመወዝ ወረቀት የሚያልቅ ደረቅ ጉዳይ በመሆኑ ሊቃውንቱ እምብዛም አይወዱትም፤ ቀነ ገደቡ ቢያልፍ እንኳ የሚያሳስባቸው ፎቶግራፉ ነው። ልባቸውን የሚማርከው ጋብቻው የእውነት ጋብቻ ለመሆኑ የሚቀርበው ማስረጃ ነውና።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ጋብቻ አንድ ብቻ አለመሆኑ መልካም አጋጣሚ ይፈጥርላቸዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ አንድ ጥንድ በሽማግሌ ተጋብቶ፣ ተክሊል አድርሶ፣ በመጨረሻም ለፕሮሰሱ ሲባል በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሊመዘገብ ይችላል፤ ወሳኝ ኩነትን፣ ማለትም ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረውም ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ሦስት ቀን ያለውን ጋብቻ በቅጹ ላይ የሚጠብቀው አንድ ሣጥን ነው። ያልተማረ ሰው ቢሆን የሦስቱንም ቀን ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፎ ያያይዝ ነበር፤ ሊቁ ግን «ልጄ፣ ፈረንጅ ማብራሪያ አይወድም» ብሎ ሁለቱን ይሰርዝና የቀረውን ለተርጓሚ ይሰጣል። ተርጓሚውም ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይመልሳል፤ የቀረው ቀን ለምሳሌ ጥር 12 ቢሆን፣ ጥር 12 በ2011 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ሲሆን፣ በዓመቱ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበራት በ2012 ዓ.ም. የዋለው ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 ነው፤ ይህችን አንዲት ቀን የዘነጋ ተርጓሚ ሙሽሮቹን ከሠርጋቸው በፊት ባለው ቀን ያጋባቸዋል። ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፤ በዚያ ሠርግ ውኃው ወይን ሆነ፣ በጠንካራ ፋይል ውስጥ ግን የቀረበው ወይን ውኃ ይሆናል።

የስም ጉዳይ ከዚህም ይረቅቃል። ኢትዮጵያዊ የራሱና የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም፤ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ልጅም የአባቱን መጠሪያ ያስከትላል፤ ስለዚህ በአንድ የኡስተር ሕንፃ መግቢያ ላይ ካሉት የፖስታ ሣጥኖች በአንዱ ባል፣ ሚስትና ልጅ በሦስት «የቤተሰብ ስም» ተለጥፈው ቢታዩ፣ ፖስተኛው ሦስት ደባሎች የሚኖሩበት ቤት መስሎት ቢያልፍ አይፈረድበትም። ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ግን ፋይል ስለማያወፍር፣ የሚስትየው የአባት ስም በባልየው አባት ስም «ይስተካከልና» ሴትዮዋ በወረቀት የባሏ እህት ሆና ትገኛለች። ሰባት ቤት ቆጥረው ያጋቧቸው ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ለመገመት አያዳግትም።

ገንዘቡም አልተረፈም፤ ባልየው ለዓመታት በመንገደኛ እጅ ሲልክ የኖረው ፍራንክ ደረሰኝ ስለሌለው፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሦስት ወራት በየሳምንቱ በባንክ ይላካል፤ ፍቅሩ በድንገት ስለ ምን እንደ ጸና መርማሪው ራሱ ይመርምር።

የጥበቡ ጫፍ ግን ፎቶግራፍ ነው። ከተጋቡ አራት ዓመት የሆናቸው፣ አንዱ ኡስተር አንዷ አዲስ አበባ የሚኖሩ ሰዎች አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ ጥቂት መሆኑ ግልጽ ቢሆንም፣ ጥቂት መሆኑ ፋይሉን ሳስቷል ያሰኛል፤ ስለዚህ ባልየው ለሦስት ሳምንት ፈቃድ በገባ ጊዜ አራት ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ላይ ይመረታል። በሻንጣው ውስጥ የትንሣኤው ነጠላ፣ ለመስቀል የሚሆን ከፕላስቲክ የተሠራ አደይ አበባ፣ ለክረምቱ ጃኬትና ጃንጥላ፣ እንዲሁም መጀመሪያ በሁለት ሻማ፣ ቀጥሎ በሦስት ሻማ ለሁለት የልደት በዓል የሚያገለግል አንድ ኬክ ይገኛል፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌም «ባልና ሚስት በደስታ ሲሳሳቁ» የሚል መግለጫ ይጻፋል። በባልየው የግራ አውራ ጣት ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ማንም ልብ ሳይለው በመስቀልም፣ በትንሣኤም፣ በክረምቱም፣ በሁለቱም ልደት እዚያው ጣት ላይ ተለጥፎ ይታያል።

ሐሰተኛ ጋብቻ ይህን ሁሉ ቢያደርግ ሌላ የሚያቀርበው ስለሌለው ነው፤ የሚደንቀው እውነተኛው ጋብቻ ከሐሰተኛው መኮረጁ ነው። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ፍቅርን በደረሰኝ መመዘን ከጀመረ ወዲህ ደረሰኝ የሚያመርት ገበያ መቆሙ ሊያስገርመው አይገባም። ሆኖም የስዊዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ41ኛው አንቀጹ፣ ማስረጃ ማግኘት ለማይቻለው ወይም ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ሰው፣ ጉዳዩ እስካላከራከረ ድረስ በክብር መዝገብ ሹም ፊት በሚሰጠው ቃል እንዲመዘገብለት ሲፈቅድ፣ የውጭ ዜጎች ሕግ በበኩሉ በ118ኛው አንቀጽ ባለሥልጣንን ያታለለን እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የመጀመሪያው አንቀጽ የአገልግሎት ክፍያ ስለማያስገኝ ከሊቃውንቱ ትምህርት ወድቋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቡና ላይ የሚነሣ ወሬ አይደለም። የኡስተርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1830 ወደ 10,000 የሚሆኑ ባላገሮች ከከተማዋ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ከዙሪክ ከተማ ሰዎች ጋር እኩል መብት እንዲሰጣቸው የሚሹትን ጽፈው እንዳቀረቡ፣ በተከታዩም ዓመት ካንቶኑ አዲስ ሕገ መንግሥት እንዳወጣ ያስታውሳል፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢቀጥሩ ኖሮ ምናልባት ከመብቱ ጥያቄ ይልቅ ባላገሮቹ በአራቱም ወቅት ሲሳሳቁ የሚያሳይ ሥዕል ይቀርብ ነበር።

እንዲህ ያለው ፋይል በመርማሪ እጅ ሲገባ ባልና ሚስት ለየብቻ መጠየቃቸው አይቀርም። ስለ ክረምቱ ሲጠየቁ እርሱ ዝናብ ነበር ይላል፣ እርሷ ፀሐይ፤ ስለ ኬኩ ሲጠየቁ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለ ፕላስተሩ ግን ማንም አላስጠናቸውምና፣ እርሱ ዙሪክ ላይ ሲጠየቅ ሚስቱን ላግዝ ብሎ ዶሮ ሲበልት፣ ፈረሰኛው ላይ ሲደርስ ጣቱን ቢላ እንዳገኘው ሲናገር፣ እርሷም አዲስ አበባ ላይ «ተው ብዬው ነበር፤ ፈረሰኛው ላይ ሲደርስ ቆረጠው» ትላለች። ሁለቱም አስተርጓሚዎች ከዶሮ ብልቶች አንዱ «ፈረሰኛ» መባሉን ሳያስቡ ቃሉን እንዳለ ቢመልሱትና በዙሪክም በአዲስ አበባም መዝገብ ላይ ጣት የቆረጠ አንድ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ቢገባ እንኳ፣ ከፋይሉ ሁሉ ቃል በቃል የሚገጥመው እርሱ ብቻ ይሆናል።