ሳነቴ ደርሶ የመጣው ማር

አውሮፕላን ዘገየ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል፤ ቀጥሎ ወንበር ይፈልጋል። ያን ዕለት ጠዋት ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውም ይኸው ነው። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጉሙ ከስንዴው ማሳ ላይ አልነሳ ብሎ ሜዳውን ሁሉ አልብሶታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን መጀመሪያ ለረፋድ፣ ከዚያ ለስምንት ሰዓት፣ በመጨረሻም ለአስር ሰዓት ተላለፈ። በእጄ ያለው አንድ የትከሻ ቦርሳ፣ አንድ ጋቢና በፌስታል ላይ ፌስታል የተደረበበት የማር ጀሪካን ነው።

ስለ ማሩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና። እህቴ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ላይ ናት። ማር በየሱቁ ሞልቶ ሳለ፣ "የሐረና ማር ካልሆነ ጠጁን አልጥልም" ብላ ድርቅ አለች። እውነቷን ነው። ሐረና ማለት ከጎባ በስተደቡብ፣ የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ ተሻግረው ቁልቁል ሲወርዱ የሚያገኙት ደን ነው፤ ቡናው ማንም ሳይተክለው ይበቅልበታል፣ ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ጎባ የሚኖረው አጎታችን ዶሎ መና ካለ ወዳጁ ዘንድ አስመጣና ክዳኑን በላስቲክ ጠፍሮ አስረከበኝ። "ለሙሽራዋ ከእኔ ነው በልልኝ፤ እጇ ላይ አድርስልኝ" አለ። መልእክቱ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተቀምጠዋል። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ያራግፉ ነበር። "ስማ ልጄ" አሉኝ፤ "እኛ ዘንድ መርከብ ሲዘገይ መርከበኞቹ የት ነበር የሚሄዱት? ከተማ! ቁጭ ብሎ ባሕር የሚያይ መርከበኛ አላየሁም።" ደግሞም ልክ ናቸው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ኢስታንቡል ላይ ሰባትና ስምንት ሰዓት ሲቆሙ ወጥተው ባሕሩን አይተው፣ ዓሣ በዳቦ በልተው ነው የሚመለሱት። ጎባ ወደብ የላትም። ይሁንና ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ገናሌ ይገባል፤ ገናሌም ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ገጥሞ፣ ጁባ ተብሎ፣ ኪስማዩ ወደብ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ወደቡ ሩቅ ቢሆንም ውሃው የእኛ ነው።

"ታዲያ ጋሼ፣ ወዴት እንሂድ?" አልኳቸው።

"ወደ ላይ ነዋ!"

ኮንትራት ያዝን። ሹፌሩ የጎባ ልጅ ነው፤ ዋጋውን ተከራክረን ስናበቃ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት እመልሳችኋለሁ፤ ግን የሚደረብ ነገር አላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ጋቢዬን አሳየሁት፤ ሳቀ። ጀሪካኑንም አደራ የምለው ሰው አላገኘሁምና ከኋላ ወንበር ሥር አስገባሁት።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው። የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረችው ጎባ ናት፤ የዞኑ ከተማ ዛሬ ሮቤ ብትሆንም ጎባ አሁንም የቆየ ከተማ ግርማ አላት። ጥዱና ባሕር ዛፉ አርጅቷል፣ ገበሬው ብርድ ልብስ ደርቦ በፈረስ ይገባል። አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብለን ጩኮ በቅቤ ቀረበልን። ጋሼ "ይህ ነው ስንቅ!" ብለው የቀረውን በወረቀት አስጠቀለሉ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ እንቆይ ቢሉም ሹፌሩ ደመናውን እያየ አጣደፈን፤ ከአቦሉ ተነሳን።

ከጎባ እንደወጣን መንገዱ ሽቅብ ይያዛል። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃል። ኬላው ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ከፈልን። ሳነቴ ላይ ስንወጣ ጉሙ ከበታቻችን ቀርቶ ሰማዩ ወለል አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ፤ በየቦታው ጅብራ ብቻውን ቆሞ፣ ትንንሽ ኩሬዎች ብልጭ ብልጭ እያሉ። ከፊታችን ቱሉ ዲምቱ አለ። የአዲስ አበባውን ኮንዶሚኒየም ማለቴ አይደለም፤ 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ተራራ ነው። ከመኪና ወርጄ ጥቂት ስራመድ ትንፋሼ አጠረኝ። ጋሼ በሰባ ዓመታቸው ቀድመውኝ ሄደዋል።

ሹፌሩ ድንገት "ዝም!" አለ። "ጀደላ ፈርዳ!"

ከመንገዱ አጠገብ ቀይ ቀበሮ ቆማለች። ጉሮሮዋ ነጭ፣ እግሯ ቀጭንና ረጅም፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። ከፊቷ ትኩስ አፈር የተቆለለበት ጉድጓድ አለ። ግዙፉ ፍልፈል፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው፣ ራሱን ብቅ አድርጎ ሣሩን ነጨት ነጨት ያደርግና ወደ ኋላው ይገባል። እሷ አትንቀሳቀስም፤ ጆሮዋ ብቻ ይዞራል። ብቅ አለ፣ ገባ። ብቅ አለ፣ ገባ። ከዚያ ዘለለች። አፈሩ ቦነነ፤ ባዶ አፏን ቀና አድርጋ አየችንና ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ሄደች። እንደኛው ጠባቂ ናት አልኩ በልቤ፤ እሷስ ሥራዋን ታውቃለች።

በዚህ ዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። ሹፌሩ ይህን ሁሉ ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት አራት እጅ ሦስቱን እንደጨረሰ፣ አሁን ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ከተው በሌሊት እንደሚጥሉላቸው እየነገረን ሄደ። ወረድ ብሎም ከሥሩ ቢጫ፣ ከጫፉ ቀይ የሆነ አበባ ቆረጠና "ቅመሱት፤ እረኛ ልጆች ይልሱታል" አለን። ይጣፍጣል። ቀበሮዎቹም ይህንኑ አበባ እየዞሩ እንደሚልሱ ተመራማሪዎች በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመዋል፤ ሥጋ በል አውሬ ከአበባ ወደ አበባ ሲዞር አፍንጫው በብናኙ ቢጫ ይሆናል። ፓርኩ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግን መስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር። ቢዘገይም ይገባዋል።

እንግዲህ የመልእክቱ ነገር እዚህ ጋ ነው የተበላሸው። የመኪናውን በር ስከፍት ጠጅ ጠጅ የሚል ሽታ ተቀበለኝ። የጋሼ ሃይላንድ ውሃ ወንበሩ ላይ ተነፍቶ ተወጥሯል። ጀሪካኑም ሆዱ አብጦ፣ ላስቲኩ ተበጥሶ፣ ክዳኑ ተገፍቶ፣ ማሩ በፌስታሉ አልፎ በቦርሳዬና በጋቢዬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ነገሩ የአየር ነው። ሳነቴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ታች ጎባ ላይ የታሸገ አየር እዚህ ሲወጣ መውጫ ይፈልጋል፣ ማሩንም እየገፋ ይወጣል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ ጋሼ፤ አጎቴ ላስቲኩን ሲያስር ያዩት ይመስል። ጩኮው የተጠቀለለበትን ወረቀት አምጥተው ጠረጉልኝ፤ ወረቀቱ ግን ከጋቢው ጋር ተጣበቀ። ስንወርድ ደግሞ የሃይላንዱ ውጥረት ጎባ ሳይደርስ ረገበ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሮቤ ነን። ጉሙ ጠርቷል፣ ፀሐይ ወጥቷል። የመስከረም አበባ ባለበት አገር ደግሞ ንብ አለ። ከመኪና ስወርድ አንዷ መጣች፤ ሁለተኛዋ ተከተለች፤ ሰልፉ ጋ ስደርስ በጋቢዬ ዙሪያ መንጋ ተሰብስቧል። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ገለል አለልኝ። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰውዬ ዶሴያቸውን ራሳቸው ላይ ደፉ፤ አንዱ ሕፃን "እማዬ፣ ንቡን ሰውዬ እዪው!" ብሎ ጮኸ። ተራዬ ደርሶ መታወቂያዬን ስሰጥ ከጣቴ አልላቀቅ አለ። ፈታሿ ልጅ በትዕግሥት ሳበችው፤ ተለቀቀና ከእሷ ጣት ጋር ተጣበቀ።

"ምንድን ነው የያዝከው ወንድሜ?"

"የሰርግ ማር ነው።"

"በእጅ አይገባም። የሚያፈስ ዕቃ ደግሞ በሻንጣም አይጫንም።"

የምለው ጠፋኝ። ከኋላዬ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡና "ና ልጄ፣ እጅህን ዘርጋ" ብለው በሃይላንዳቸው ውሃ አስታጠቡኝ። ሕዝብ በተሰበሰበበት እንደ ሕፃን እጄን አጣጥበው፣ አገጬንም ጠረጉልኝ፤ አገጬ ላይ እንዴት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሹፌሩ ገና አልሄደም ነበር። ጀሪካኑን ተቀበለኝና "አጎትህ ጋ አደርሰዋለሁ፤ በአውቶቡስ ይላክልሃል" አለ። የመኪናውን ወንበር ማሳጠቢያ ብሰጠው እምቢ አለኝ፤ ስንለምነው ጊዜ ግማሹን ብቻ ወሰደ።

ማሩ በአውቶቡስ መጣ፤ ጎደሎ ቢሆንም ለአንድ ጋን በቃ። እህቴ ጠጁን ጥላ ልጇን ዳረች፤ ጋሼም ተጠርተው መጥተው መረቁ።

ሮቤ ላይ ጉም ይዟችሁ ሰዓት ከተረፋችሁ ወንበር አትፈልጉ፤ ውጡ። ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ማር ካላችሁ ጎባ ለሰው አደራ ስጡ። ውሻ አሳፍራችሁ አትሂዱ። ሹፌራችሁንም ሳነቴ ላይ ቀስ ብለህ ንዳ በሉት፤ መንገዱ የቀበሮዎቹን ሜዳ መሐል ለመሐል ያቋርጣል፣ እነሱም ለመኪና ቶሎ አይሸሹም።