የፍቅር ደራሲው ክረምት

አሰላ ላይ ክረምት ሲገባ የፍቅር ደራሲ ሥራ ይበዛበታል። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የጭላሎ ተራራም ሰኔ ላይ ጉሙን ተከናንቦ ይጠፋና ለመስከረም ብቅ ይላል። ለፍቅር ልቦለድ ከዚህ የተሻለ አየር አይገኝም። ለማገዶና ለልብስ አጠባ ግን አይመችም፤ ደግነቱ እነዚያ የባለቤቱ ድርሻ ናቸው።

ይህን የምለው ላደንቀው ነው። ልቦለዱ ውስጥ ጀግናው ለወዳጁ ቡና ሲያፈላ ሦስት ገጽ ይፈጃል፤ ደራሲያችን የገዛ ቤቱ ጀበና የት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ይህን ሁሉ መጻፉ የምናቡን ጉልበት ያሳያል። ሽንኩርት አይልጥም፤ ለጀግናዋ ሞት የተቆጠበ እንባ ለወጥ ይባክናላ! ከጋቢው ውስጥ እጁ የሚወጣው ለብዕርና ለጭኮ ብቻ ነው። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በተነጠረ ቅቤ ያሸችው ባለቤቱ ጭኮውን ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ እየተሳሳሙ ነው» ይላታል።

ታዲያ ፍቅረኞቹን ለምን አይድራቸውም? የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ጥሩ ፍቅር መቃብር ይገባል እንጂ ጓዳ አይገባም። ቢጋቡ ደግሞ ውሃ ማን ይቅዳ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ይህ የፍቅር ልቦለድ ጉዳይ አይደለም።

አዲሱ መጽሐፍ ለመስከረም ደርሷል። መታሰቢያነቱ «እውነተኛ ፍቅርን ላላገኙ» ይላል። የእጅ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር የተየበችው ባለቤቱ ናት።