ሐተታ ዘወንዛዬ፦ የፕሮግረሲቭ ሮክ ሊቃውንት በየማዕረጋቸው የተደለደሉበት

መቅድም

ደረጃ ማውጣት ከጥበባት ሁሉ የከበደው ነው። ፈረስ በሩጫው፣ በሬ በጫንቃው፣ ማር በንጣቱ ይታወቃል፤ ሙዚቀኛ በምን ይታወቃል ቢሉ ግን እስከ ዛሬ የተጣላ እንጂ የመለሰ የለም። እኛ ከተጣሉት ወገን አይደለንም። ጉዳዩን ከሥሩ ፈልፍለን፣ ቅርንጫፉን መልምለን፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያነሣው አድርገን ልንዘጋው የተነሣን ነን።

ለምርመራው የመረጥነው ቦታ ወንዛዬ ነው። ወንዛዬ በደቡብ ጎንደር፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ ፍል ውሃ ነው፤ ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱ የያዘው፣ ቁርጥማት ያስቸገረው ሁሉ ከደጋው ወርዶ ይነከርበታል። ለፕሮግረሲቭ ሮክ ጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ስለምን ቢሉ፥ ይህ ሙዚቃ ረጅም ነው፤ ረጅም ሙዚቃ ደግሞ የሚሄድበት የሌለው አድማጭ ይሻል። እስከ አንገቱ ፍል ውሃ ውስጥ የገባ ሰው የሚሄድበት የለውም። አንድም፥ ራቁቱን ነውና ቢኖረውም አይሄድም።

መለኪያችንም ከዚሁ የተገኘ ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ወደ ውሃው የገባ ሰው፣ ሙዚቃው ሲያልቅ የጣቱ ቆዳ ከተጨማደደ ሥራው ፕሮግረሲቭ ነው፤ ጣቱ እንደ ገባ ከወጣ ፖፕ ነው። ይህ መለኪያ እስካሁን በዩኒቨርሲቲዎች ያልታወቀው ምሁራኑ በሻወር ስለሚታጠቡ ነው።

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል። በራሳችን ብንቆጥር እንግሊዞቹ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድመው የጀመሩ ይመስላል፤ ይህን ያህል ስጦታ ልንሰጣቸው አልወደድንም።

ክፍል አንድ፦ ስለ ምንነቱ

ፕሮግረሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የሦስት ደቂቃ የፍቅር ዘፈን የሰለቻቸው የእንግሊዝ ወጣቶች ያቆሙት ቤት ነው። ምልክቶቹ አምስት ናቸው። አንደኛው ርዝመት ነው። ሁለተኛው የምት መለዋወጥ ነው፤ አድማጩ እግሩን ማወዛወዝ ሲጀምር ምቱ ይቀየርበታል። ሦስተኛው ከዘፈኑ የገዘፈ ታሪክ ነው። አራተኛው ልብስ ነው። አምስተኛው አድማጩ የማይጨፍር መሆኑ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያስባል። አንድም፥ የሚያስብ ይመስላል።

ርዝመት ስንል ግን እንጠንቀቅ። ርዝመት ሁሉ ጥበብ ቢሆን የቀበሌ ስብሰባ ከሁሉ በላይ በተቀመጠ ነበር።

ክብደትንም ከመለኪያነት ሰርዘናል። በክብደት ቢሆን ኖሮ ውድድሩ ገና ድሮ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ባበቃ ነበር፤ የአፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሠራተኞች ጋፋት ላይ ያፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበርና። ይህን ብረት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ጎተቱት። በዕቃ ብዛት የሚታሙት የ1970ዎቹ ባንዶች እንኳ መሣሪያቸውን በመኪና ነው የጫኑት። ሴባስቶፖል ግን አንድም ሥራ ሳያሳትም ታሪኩ መቅደላ ላይ ስለ ተዘጋ ከድልድሉ ወጥቷል።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ባሕር ማዶዎቹ

ባሕር ማዶዎቹን በፍጥነት እናልፋለን፤ ስለ እነሱ የተጻፈው በቅቷቸዋል።

ኪንግ ክሪምሰን በ1969 ስለ አንድ ንጉሥ ግቢ የሚያወራ አልበም አወጣ፤ አብዛኛው ሰው የዘመኑን መባቻ ከዚያ ይቆጥራል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተምን የመንግሥት ሞኖፖል ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቆመ። ለንደን ንጉሥ በሐሳቧ ስትፈጥር አዲስ አበባ እውነተኛ ንጉሥ ዙፋን ላይ አስቀምጣ ደንቡን ሰበረች። የትኛው ድፍረት ይበልጣል ቢሉ ለአንባቢ ትተናል።

የስ የተባለው ባንድ በ1972 የሸክላውን አንድ ጎን በአንድ ዘፈን ሞላ። ጄትሮ ተል በዚያው ዓመት ሁለቱንም ጎን በአንድ ዘፈን ሞልቶ ዓለምን አስደነቀ፤ የባንዱ መሪ ኢያን አንደርሰን ኋላ ነገሩ በባልንጀሮቹ ላይ የተሠራ ቀልድ ነው ቢልም የሰማው የለም። ፒንክ ፍሎይድ በ1973 ያወጣው አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ከ700 ሳምንት በላይ ተቀመጠ። ዘፋኙ ፒተር ገብርኤል የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆና ቀይ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ወጣ። ካባ ለባሹ ኪቦርድ ተጫዋች ሪክ ዌክማን በ1975 የንጉሥ አርተርን ታሪክ ዌምብሌይ ውስጥ በበረዶ ሜዳ ላይ አቀረበ። የእኛው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ፣ በረዶም እየጣለበት፣ ለዚህ ተግባር የጠየቀው ሰው አለመኖሩን በሐዘን መዝግበናል።

ከዚያ 1976 እና 1977 መጣ፤ ፓንክ የተባሉ ሦስት ኮርድ የማይሞላቸው ልጆች ተነሥተው ይህን ሁሉ ሕንፃ በሁለት ዓመት አፈረሱት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን በልብህ ያዝ፤ ፍርዱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ክፍል ሦስት፦ ከድልድል በላይ ስለ ሆነው

ቅዱስ ያሬድን አልደለደልንም። በ6ኛው መቶ ዘመን ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሰጠ ሊቅ ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ዝርዝር አይቆምም። ለማስታወስ ያህል ብቻ፥ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኪት ኤመርሰን ኦርጋኑን በጩቤ እየወጋ ሲጫወት ተመልካች ጉድ ብሏል። በአክሱም ግን፣ ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ ያሬድ ሲያዜም ንጉሥ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጦ ጦሩን የተከለው በያሬድ እግር ላይ ነበር፤ ወጊውም ተወጊውም ዜማው እስኪያልቅ አላወቁም። አድማጭ ማለት እንዲህ ነው።

ክፍል አራት፦ ስለ ወንበሮቹ

አምስተኛው ወንበር የጃኖ ባንድ ነው። ራሳቸውን በይፋ ሮክ ብለው የጠሩ፣ በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ያወጡ ልጆች ናቸው። የባንዳቸው ስም ራሱ ልብስ በመሆኑ አራተኛውን ምልክት ከመድረክ ሳይወጡ አሟልተዋል። ዝቅ ያሉት በጥበብ አንሰው አይደለም፤ በዕድሜ ነው። እንደ አገሩ ወግ ታናሽ ከበር ይቀመጣል።

አራተኛው የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ነው፤ ከነጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም። የማህሙድ አህመድ «እረ መላ መላ» በ1975 ሲሠራ አጃቢው አይቤክስ ነበር። እዚህ ላይ ሐተታ ያሻል። የለንደን ባንዶች ሙዚቃን ያስረዘሙት በፈቃዳቸው ነው፤ የአዲስ አበባ ባንዶች ግን ከ1974 ወዲህ በመንግሥት ትእዛዝ ጭምር ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ሰው ካልወጣ ባንዱ አያቆምም። ይህን ያህል ለሙዚቃ ርዝመት የደከመ መንግሥት በሌላ አገር አልተገኘም፤ ደርግም ለዚህ ውለታው እስካሁን አልተመሰገነም።

ሦስተኛው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላና ፉከራን ከአርበኛው አፍ ተቀብሎ በሳክስፎን አስጮኸ። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ይደፋ ነበር፤ የቀበሮ ጭንቅላትና የአንበሳ ጎፈር በአንድ ሚዛን ሲወጡ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር አልበም አወጣ። አስተውል፥ የለንደንን ሊቃውንት ያፈረሰው ፓንክ እኛ ዘንድ ሲደርስ አጃቢ ሆኖ ቆመ።

ሁለተኛውን ወንበር ሁለት ሰዎች በእኩል ይዘውታል፤ እንዳይጣሉ ሰፊ መርጠናል። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 «ጨበለው»ን ሠራ፤ በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አጋብቶ ብቻውን አንድ ባንድ ሆነ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ፤ በ2013 ያ ካሴት እንደገና ሲታተም ዓለም ተሳፋሪው ሆነ። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፣ ባለአምስት ድምፁን ቅኝት ከአሥራ ሁለቱ ድምፅ ጋር አስታርቆ ኢትዮ ጃዝን አቆመ። «ጨበለው» ላይ ሁለቱም አብረው ተጫውተዋልና ወንበር መጋራት አዲስ አይሆንባቸውም። ሙላቱ ኋላ ሃርቫርድ ሲቀመጥ በያሬድ ዜማ ላይ ኦፔራ መጻፍ ጀመረ፤ ቦስተን ድረስ የሄደው ሊቅ ዞሮ ዞሮ ማህሌት በር ላይ ቆመ ማለት ነው። ይህም ወደ አንደኛው ወንበር ይመራናል።

አንደኛው ወንበር የአለቃ ገብረ ሐና እና የልጃቸው የተክሌ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው፣ የናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ ናቸው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ እኛ ግን በማህሌት አቋቋማቸው እናነሣቸዋለን። በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደር የነበረውን ዝማሜ ተምረው፣ አስተምረው፣ በመጨረሻ እንዳለ መተው አልሆነላቸውም። የጣና ሞገድ ሲሄድና ሲመለስ፣ ደንገሉም ከሞገዱ ጋር ሲያዘነብል አይተው አካል እንዲሁ በዜማው ይወዛወዝ ብለው አዲስ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት አዲስ ነው ብለው ገፉት። አለቃ አልተከራከሩም፤ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘረጋ። ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስም ዋና ቤቱ ነው።

እንግዲህ አምስቱን ምልክት እንቁጠር። ርዝመት ያሉ እንደ ሆነ፥ የበዓል ማህሌት ከማታ ተነሥቶ እስኪነጋ ይዘልቃል፤ የወንዛዬ መለኪያ እዚህ ላይ ከጣት አልፎ ሰውየውን ይጨርሰዋል። የምት መለዋወጥ ያሉ እንደ ሆነ፥ በባዶ ድምፅ በቁም ይጀመራል፤ ቀጥሎ መቋሚያ ይነሣና ዝማሜ ይሆናል፤ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግድ ይሆናል፤ ምቱ እየፈጠነ ሄዶ በጽፋት በጭብጨባ ይጠናቀቃል። የገዘፈ ታሪክ ያሉ እንደ ሆነ፥ ከዓለም መፈጠር እስከ ዳግም ምጽአት ነው፤ ከዚህ የሚተርፍ ርእስ የለም። ልብስ ያሉ እንደ ሆነ፥ ጥምጥሙና ካባው ከዌክማን ካባ ቀድሞ ነበር። የማይጨፍር አድማጭ ያሉ እንደ ሆነ፥ ምእመኑ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል።

ክፍል አምስት፦ ስለ ተቃዋሚዎች

አለቃ ጊታር አልያዙም ቢሉ፥ የኤመርሰን፣ ሌክና ፓልመር ባንድም ዝናው በኪቦርድ እንጂ በጊታር አልነበረም።

መንፈሳዊውን ከዓለማዊው ለምን ቀላቀላችሁ ቢሉ፥ ዜማዎቹን አላወዳደርንም። የመዘንነው ተጽዕኖን ነው፤ ተጽዕኖ ደግሞ የትም ቢገኝ አንድ ነው።

አለቃ ቀልደኛ ነበሩ፤ ቀልደኛ እንዴት አንደኛ ይወጣል ቢሉ፥ የጄትሮ ተልን ሸክላ አስታውሱ። ከዚህም በላይ፣ ሙሉ ሌሊት የሚቆም ጥበብ የፈጠረ ሰው ቀን ቀን ቢቀልድ ምን ይደንቃል?

ደብረ ታቦርን ያስቀደማችሁት የአገራችሁ ሰው ስለ ሆነ ነው ቢሉ፥ አዎን። ነገር ግን ምክንያቱ ያ ብቻ አይደለም።

ፍርድ

ተጽዕኖ ማለት የተሸጠ ሸክላ አይደለም፤ የተገዛ ቲኬትም አይደለም። አዲስ ነገር ይዞ የተነሣ ሁሉ በመጀመሪያው ከተማ ይገፋል፤ እዚያ ድረስ ለንደንም ጎንደርም እኩል ናቸው። ልዩነቱ በሁለተኛው ከተማ ነው። የለንደኖቹ አድናቂ ተከታያቸው ሸክላውን ገዝቶ ቤቱ ሄደ፤ ፋሽኑ ሲያልፍ እሱም አለፈ። የተክሌ ተከታይ ግን ኮዳውንና አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ ለምኖ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ ስልቱን በአካሉ ያጠናል፤ ሳይመሰከርለት አይወጣም፤ ከወጣም በኋላ ራሱ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። አዲስ ተብሎ የተገፋው ነገር ዛሬ የሚመሰከርበት ሥርዓት ሆኗል። ይህን የሚያፈርስ ፓንክ አልተወለደም፤ ቢወለድም መጀመሪያ ጸናጽል መያዝ ይማራል።

ስለዚህ አለቃ ገብረ ሐና እና ተክሌ አንደኛ ናቸው፤ ጉዳዩም ተዘግቷል። ይግባኝ የሚል ቢኖር ግን በሩን አልቆለፍንበትም፤ በነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ወደ ደብረ ታቦር ይምጣ፤ ሌሊቱን ከሊቃውንቱ ጋር ቆሞ ይደር፤ መቋሚያ እናውሰዋለን። ሲነጋ ድምፅ ከተረፈለት ይግባኙን እንሰማለን።