ገና ሳይራገፍ

እኛ ኮንዶሚኒየም፣ የካ አባዶ ውስጥ፣ አንድ ነገር «መጣ» ከተባለ አለቀለት። ውሃ መጣ፣ አውቶቡስ መጣ፣ ዘይት መጣ፣ ሽንኩርት በርካሽ መጣ። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰዉ ደግሞ ከወሬው ይቀድማል። የጠፋውን ነገርማ ለምደነዋል። የጠፋ ነገር መላ አለው፤ ይተዋል፣ ሌላ ይበላል፣ በእግር ይኬዳል። መላ ያጣንለት የመጣው ነገር ነው።

ከአውቶቡሱ ልጀምር። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወደ መገናኛና ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ሰው ተሰልፏል። ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ሲያዩት ያምራል። እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ተማሪው ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ ባንድ ይቆማል። «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ ጠይቆ የሚሰለፍ ጨዋ አይጠፋም። አውቶቡሱ ከማዶ ብቅ ሲል ግን ያ ሁሉ ጨዋነት የት እንደሚገባ እንጃ። «ለእህቴ ይዤላት ነው» ያለችው ልጅ እህት አንድ ሆና አትመጣም፤ ሦስት ሆና ነው የምትመጣው። ከኋላ የነበረው በጎን ይዞራል፤ በጎን የነበረው በሩ ላይ ይገኛል። ብልጦቹ ደግሞ አሉ፤ ከፌርማታው ወረድ ብለው ይጠብቁና ባዶውን ሲመለስ ይሳፈራሉ። እኛ አንድ ሰዓት የቆምንለት አውቶቡስ ተራው ላይ ሲደርስ መቀመጫው ሞልቶ፣ ተቀማጮቹ በመስኮት ቁልቁል እያዩን ነው።

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. አያት ድረስ ሲመጣ «ነገ ደግሞ እኛ ጋ ይደርሳል» ያሉ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም ከየካ ወደ እሱ ተዛወርን። ስማችን የካ እንዳለ ቀረ፤ ሰልፉም እንዳለ ቀረ።

ወደ ውሃው ልሂድ። የለገዳዲ ግድብ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ሩቅ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራ ጀምሮ አዲስ አበባን ያጠጣል። እኛ ግን ውሃ የምናየው በፈረቃ ነው፤ ለዚያውም ሌሊት። የፈረቃው ቀን ሲደርስ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ የልጆች መታጠቢያ ሳፋ፣ የጠላ ጋን ሳይቀር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ለአንድ ቤተሰብ ለሦስት ቀን የሚበቃ ውሃ እያለ የሳምንቱን ካላጠራቀመ የሚተኛ የለም። መሬት ላይ ያለው ቤት ደግሞ ውሃ የሚስብ ዲናሞ ገጥሟል። ዲናሞው መጮህ ሲጀምር አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ ሁለት ጊዜ ያስላል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

አንድ ሌሊት ከላይ የወረደች ጎረቤታችን ታች ያሉትን ሴትዮ በትሕትና ለመነቻቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዲናሞውን ያጥፉልን። ለሕፃን ወተት የምናፈላበት እንኳ የለንም።»

«ልጄ፣ እውነትሽን ነው፤ አንጀቴን በላሽው። ግን እኔ ባጠፋ የፊተኛው ብሎክ መች ያጠፋል? ለእነሱ ልተውላቸው?»

ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ለለቅሶ ቀድመው የሚደርሱ፣ የሰው ልጅ ሲታመም ሾርባ ይዘው የሚወጡ ናቸው። ነገሩን አስቤ አስቤ መልስ አጣሁላቸው፤ የፊተኛው ብሎክ በእርግጥም አያጠፋም። የፊተኛውን ብሎክ ሄደን ብንጠይቅ ደግሞ የእኛን ብሎክ ይጠራሉ።

እሁድ ሲመጣ ይኸው አመል ወደ ገበያ ይወጣል። የእሁድ ገበያ በ2014 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነበር። ገበሬውና ሸማቹ ደላላ ሳይገባባቸው ፊት ለፊት ይገናኙ፣ የኑሮ ውድነቱም ትንሽ ይርገብ ተብሎ ነው። ለእኔ ቢጤው ደመወዝተኛ በሽንኩርትና በእንቁላል ላይ የምትገኘው ልዩነት ቀላል አይደለችም። ነገር ግን ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ገና ሸራው ሳይፈታ ሰው ጎማው ላይ ወጥቷል። ሚዛኑ አልተዘረጋም፤ ብሩ ግን ከፍ ብሎ ይውለበለባል። «ለእኔ አምስት ኪሎ!» «ኧረ እኔ ቀድሜያለሁ!» «አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?» የእንቁላል ትሪ ከሰው ራስ በላይ ሲያልፍ አንድ ክርን ይነካዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እንቁላል ግን አይለቀምም።

ቀድመው የደረሱት ሁሉ ለቤታቸው የሚገዙ ቢሆኑ አንድ ነገር ነው። ሦስት ከሻ ጠቅልሎ በባጃጅ የጫነው ሰውዬ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ብሎኮቹ መካከል ሸራ ዘርግቶ ይገኛል። ደላላው ይቅር የተባለው ገበያ ሌላ ደላላ ወለደ፤ ያውም ጎረቤት የሆነ፣ ሰላምታ የማይነፈግ ደላላ። ቅዳሴ ያስቀደሱ እናት ጸበላቸውን ጠጥተው ሲደርሱ የሚጠብቃቸው የሽንኩርት ልጣጭ ነው።

«መቼም የእኛ ነገር!» እያልን ራሳችንን መራገም እንወዳለን። «ሠለጠነ በሚባለው አገር እንዲህ የለም» የሚል ሰው በየሰልፉ አይታጣም። የአክስቴ ልጅ ግን ይህን እምነት አፈረሰብኝ። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ነው የሚኖረው፤ መንጠቆ ይዞ ወንዝ ዳር መዋል ለምዷል። እዚያ ትራውት የሚባል፣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ አለ። የግዛቲቱ የዓሣ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ትራውት በማርቢያ ገንዳ አሳድጎ በመኪና ያመላልስና ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይለቀዋል። ጫጩት አይደለም የሚለቀው፤ ለመጥበሻ የደረሰውን ነው፤ በመካከሉም ግዙፍ ግዙፎቹን ጣል ጣል ያደርጋል። ማጥመድ የሚፈቀደው በመጋቢት መጨረሻ ገደማ በሚውል አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የአክስቴ ልጅ ሲነግረኝ ስለ የካ አባዶ የሚያወራ መሰለኝ። ሰው ሌሊት ይወጣል። ቦታ ለመያዝ ወንበሩን ወንዝ ዳር ተክሎ መኪናው ውስጥ የሚያንቀላፋ አለ። 2 ሰዓት ሲሆን ትከሻ ለትከሻ የቆመው ሁሉ እኩል ይወረውራል፤ የአንዱ ክር ከሌላው ክር ይጠላለፋል፤ ሲፈቱ ይጨቃጨቃሉ። ዓሣ የጫነችውን መኪና እግር በእግር የሚከተል፣ ገና ስትራገፍ መንጠቆውን የሚያዘጋጅም አለ። «ወንዙ እኮ ረጅም ነው፤ ለምን ወደ ላይ አትሄዱም?» አልኩት። «መኪናዋ የምትራገፈው ድልድዩ ጋ ነዋ!» አለኝ። «መኪና ማቆሚያውም እዚያው ነው። እኔ ወደ ላይ ብሄድ እዚህ የቆሙት ዓሣውን ጨርሰውት አይደል የምመለሰው?»

ከታች ቤት ያሉት ሴትዮ ድምፅ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣልኝ።

ልዩነት ግን አለ፤ እሱን መደበቅ አይገባም። እዚያ አንድ ሰው በቀን ከአምስት ትራውት በላይ ይዞ አይሄድም። ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ነው። ዓሣው ሲለቀቅ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በባልዲ እየተሸከሙ በወንዙ ርዝመት ይበትኑታል፤ ድልድዩ ሥር ብቻ እንዳይከማች። ግፊያው በዚህ ሁሉ አልቀረም፤ ቢሆንም አምስት የያዘው ለሌላው ቦታ ይለቃል። እኛ ጋ ሦስት ከሻ የጫነውን ሰውዬ «አምስት ኪሎ ይበቃሃል» የሚለው የለም።

ትራውት ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አለመሆኑን ስሰማ ደግሞ ገረመኝ። እንግሊዞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኬንያ አስገብተውት ነበር፤ ከኬንያ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞች መጣ። ድንሾ አጠገብ ወይብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቆ ተዋለደ። ከየካ አባዶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈቃድ አውጥቶ መንጠቆ የሚጥል ጎብኚ ብቅ ይላል እንጂ እዚያ ለዓሣ ሰልፍ የሚባል ነገር አልተሰማም። ዓሣው ካለበት ሰው የለም፤ ሰው ካለበት ሽንኩርቱም አይበቃም። ይህን ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው ግማሾቹ «አድራሻውን ስጠን» እንደሚሉ ስለማውቅ ዝም ብያለሁ።

ግፊያ ክርን ከማሳመምና እንቁላል ከመስበር ባያልፍ ኖሮ እሮሮዬን እዚህ ላይ በጨረስኩ። ጣና ላይ የሆነው ግን ከዚህ አልፏል። ባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ትልልቅ የሚሆኑ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይጎርፋሉ። የወንዞቹ አፍ ላይ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ ትልቅ ትልቁ ዓሣ ይሰበሰባል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ አጥማጁም በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ቦታ መሰብሰብ ጀመረ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የባርበስ ክምችት በክብደት ሲለካ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የወንዝ አፍ ላይ የተያዘ ዓሣ ከሚመጣው ዓመት ዓሣ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው፤ ዕንቁላሉን ገና አልጣለማ።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። አዋጅ መልካም ነው። ሌሊት መረቡን የያዘው አጥማጅ ግን የሚያየው አዋጁን አይደለም፤ ጎን ያለውን ታንኳ ነው። እሱ መረቡን ቢሰበስብ ባለታንኳው ይዘረጋል። ልጆቹም ነገ የሚበሉትን ይጠይቁታል። ዓሣን መብላት በብልሃት ያሉት አባቶቻችን ለእሾሁ ብለው ነው፤ አጠማመዱም የራሱን ብልሃት ይፈልግ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ብልህ ቢሆን ደግሞ ትርፉ ጦሙን ማደር ነው።

ስለዚህ «ሕዝባችን ሥርዓት የለውም» የሚለው ነገር ሰልችቶኛል። ጠዋት አንድ ባንድ ቆሞ የነበረው ይኸው ሕዝብ ነው። ባንክ ቤት ቁጥር ሲሰጠው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ለዕድር መዋጮ ማንም ሳይገፋው ወረፋውን ይይዛል፤ ተራው እንደማይዘለል ያውቃላ። ሥርዓቱ የሚጠፋው በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ለሺህ ቤተሰብ በአንድ በር ሲራገፍ ነው። ያን ጊዜ መታገሥ ጨዋነት መሆኑ ይቀርና ሞኝነት ይሆናል። አንድ እሁድ ታግሦ ባዶ ዘንቢል ይዞ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው እሁድ ጎማው ላይ ይወጣል። የመጣው ነገር ለሁሉም ይበቃ የነበረ ቢሆን እንኳ በእኛ ጥድፊያ ጎዶሎ ይሆናል፤ የሦስት ቀኑን የሚፈልገው የሳምንት ይወስዳላ።

ይህን ሁሉ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ለመናገር ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ችግሩ ስብሰባው የሚጠራው እሁድ ጠዋት ነው። ግማሹ ነዋሪ ገበያ ሰልፍ ላይ፣ ሩቡ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀረው ሌሊት ውሃ ሲቀዳ አድሮ ተኝቷል። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ለሚቀጥለው እሁድ ይቀጠራል። ኮሚቴው ራሱ ስብሰባውን በጊዜ የሚዘጋው፣ ሰብሳቢው «ቲማቲም መጣ» የሚል ስልክ ሲደወልለት ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ገበያው እሁድን ብቻ አይጠብቅ፤ ረቡዕም ይኑር፣ ዓርብም ይኑር። ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚሸጥ በካርቶን ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ የጻፈውም ሰው እስከ መጨረሻው ይቁምበት። አውቶቡሱ ባዶውን ሲመለስ መንገድ ላይ አይጫን፤ ተራው ላይ ይጫን። የውሃው ሰዓት ለታችና ለላይ ፎቅ ይከፈል፤ ዲናሞውም የጋራ ይሁንና ቁልፉ ኮሚቴው እጅ ይግባ። የፊተኛው ብሎክ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ያጥፋ፤ አለዚያ እትዬ አያጠፉም፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ይህ ሁሉ ይበዛል ካላችሁ አንዷን ብቻ አድርጉልን፦ አይሱዙውን ሦስት ቦታ አራግፉት። ለተረፈው እሮሮ ራሳችን እንሰለፋለን።