የጠፉት 87 ሰዓቶች፦ መነሻ ጥናት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ባለ 5 ኢሲቲኤስ የሆነ አንድ ኮርስ ከተማሪው 135 ሰዓት ይጠይቃል፤ አንዱ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ነውና። ተማሪው በሳምንት 3 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ሳያጓድል ክፍል ቢገባ 48 ሰዓት ይሞላል። ቀሪው 87 ሰዓት በግል ጥናት ይሸፈናል ተብሎ ይታሰባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ 87 ሰዓቶች የት እንደገቡ ማፈላለግ ነው። (የኮርስ አውትላይኑን ያነበበ ተማሪ ማፈላለግ ሰፊ በጀት ስለሚጠይቅ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።)

እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ዕውቀት ተማሪው ዘንድ የሚደርሰው በሰሌዳ በኩል ነበር። መምህሩ ኖት ይጽፋል፣ እሱ ይገለብጣል፤ ዳስተር ሲነሣ «ቲቸር፣ አልጨረስንም!» ይላል። ግቢ ሲገባ ግን መምህሩ ስላይዱን እያሳለፈ ምዕራፍ 4 ላይ ይደርስና ሰዓቱን አይቶ «ምዕራፍ 5 ሪዲንግ አሳይመንት ነው» ብሎ ይወጣል። ሪዲንግ አሳይመንት ማለት መምህሩ ጊዜ ያጣለት፣ ተማሪው ግን ጊዜ አያጣለትም ተብሎ የሚታመንበት ምዕራፍ ነው። ፈተና ላይ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም።

ከጠፉት ሰዓቶች የመጀመሪያዎቹ የተገኙት ዶርም ውስጥ፣ የሎከር በር ላይ ነው። ፍሬሹ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራም ያወጣል። ለዚህም ማስመሪያና ቢያንስ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያስፈልጋል፤ ቀዩ ለከባድ ኮርሶች ነው። ፕሮግራሙ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። ለቁርስ 20 ደቂቃ ሲፈቅድ የካፌውን ሰልፍ ከቁጥር አያስገባም። ለእንቅልፍ የሚተወው ጊዜም በገዳም ሕግ እንኳ ጥብቅ የሚባል ነው። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ የሚቆየው የመጀመሪያው አላርም እስኪጮህ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ይሻሻላል። ማሻሻያው አዲስ ወረቀትና አዲስ መስመር ስለሚፈልግ፣ ለማትስ የተያዘው ሰዓት የማትስን ሰዓት በማስመር ሲያልቅ ተስተውሏል።

ሌላው ክምችት ያለው ላይብረሪ ነው። የስድስት ኪሎው ኬኔዲ ይሁን የሌላ ግቢ፣ ፈተና ሲቃረብ ወንበር የሚያዘው በደብተር ነው። ደብተሩ ጠዋት ገብቶ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ይተኛል። እንግዲህ ከጠዋት እስከ ምሳ ያለ ወሬ፣ ያለ ስልክ፣ አንገቱን ቀና ሳያደርግ የሚያጠናው ደብተሩ ነው። የመገኘት መዝገብ ቢያዝ ኖሮ ብዙ ደብተሮች በማዕረግ በተመረቁ ነበር።

ቴሌግራም ላይ የተገኙት ሰዓቶች ጥቂት ናቸው፤ ፒዲኤፍ ማውረድ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ወርዶ የተከፈተም እምብዛም የለም። የግሩፕ ጥናት የሚባለው ግን ሊታለፍ አይገባም። አንዱ ያስረዳል፣ አምስቱ አንገታቸውን እየነቀነቁ «ገብቶናል» ይላሉ። ከስድስቱ በእርግጥ የሚገባው ያስረዳው ነው። በሚቀጥለውም ቀን አስረዳን የሚባለው እሱው ነው።

ለብቻ ማጥናት ለአገሩ ባዳ ነው የሚል መላምት ሊነሣ ይችላል። የቅኔ ተማሪ ግን ይህን ውድቅ ያደርገዋል። እሱ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ስሕተቱ እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። የግቢው ተማሪ ብቻውን የቆጠረውን የሚሰማለት የለም፤ የሚጠየቀው ሚድ ላይ ነው፣ ያኔም ወረቀቱ ሲመለስ ውጤት እንጂ እርማት የለበትም።

ያም ሆኖ ሰዓቶቹ ጨርሰው አልጠፉም። አብዛኞቹ ከፋይናል በፊት ባለችው አንዲት ሌሊት ውስጥ ታጭቀው ተገኝተዋል። የ12 ሰዓት ሌሊት ያን ሁሉ እንዴት እንደቻለች ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል የሚመራ ጉዳይ ነው።

ይህች ሌሊት ያሳለፈችው ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ሲኒየር ይባላል፤ አዳዲስ ገቢዎችንም ሰብስቦ ይመክራል። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ አንብቡ፤ እንዳታጠራቅሙ!» ይላቸዋል። ፍሬሾቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲደገምለት ይጠይቃል።