የከፈልነው የት ደረሰ?

ሐምሌ ሲገባ ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮስ ስንት ጫኑብህ?» ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሻይ ቤት የከፈተችው እናት፣ ሽንኩርት ለቃቅሞ ለጭነት መኪና የሚያስረክበው ሰው፣ የሁሉም ጭንቀት ይኸው ነው። ግብር አልከፍልም የሚል ሰው ግን አልገጠመኝም። ግብር ለአገር መሆኑን እንዲያስተምረው የቀወት ወረዳ ሰው ማንንም አይጠብቅም። የመረረን ሌላ ነው። ስንት እንደምንከፍል በምን እንደሚወሰን አናውቅም፤ የከፈልነው የት እንደደረሰ የሚነግረን የለም፤ ጉዳይ ይዘን ስንሄድ ደግሞ ቀናችንን በልተው ባዶ እጃችንን ይመልሱናል።

ከግምቱ እንጀምር። መዝገብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል ተብሎ ከሚገመተው ተነሥቶ ነው። ገማቾቹ ሻይ ቤቷ ዘንድ የመጡት በገበያ ቀን ነው እንበል። አግዳሚው ሞልቷል፤ የደሴ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ቁርሱን ይበላል፤ እሷ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። ያዩትን ጽፈው ይሄዳሉ። በማግስቱ ያ አግዳሚ ባዶ ነው። በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገዱ ሲዘጋማ ከነጭራሹ መኪና አያልፍም፤ የጋገረችው ዳቦ ደርቆ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግን የገበያውን ቀን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይባዛል። «ቅር ካለሽ አቤቱታ አቅርቢ» ትባላለች። ለአቤቱታው ደግሞ ሻይ ቤቱን ዘግቶ መመላለስ ሊኖር ነው።

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ ሲነገር፣ ከአዲስ አበባ እስከ ክልል ከተሞች ነጋዴው ሱቁን እየዘጋ አቤት ብሏል። ከዚያም በፊት፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሣ፣ ያስቆጣው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ርስታችንን ለክተው ሊወስዱብን ነው የሚል ሥጋት ነበረበት፤ ገማቹንም አላመነውም። እምነት በሌለበት ትንሹም ግብር ትልቅ ሸክም እንደሚሆን ከዚያ የተማረ ያለ አይመስልም።

በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሏል። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ዘገየ እንጂ ደግ ነው። ሦስት የነበረው የነጋዴ ደረጃም ሁለት ሆኗል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ትንሹ ነጋዴ ግን ግብሩ የሚታሰበው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጩ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕቃ ሁሉ ተወዷል። ባለሱቁ የሚሸጠው ያንኑ ዘይትና ያንኑ ስኳር ነው፤ በብር ሲቆጠር ሽያጩ አደገ፣ ኪሱ የሚቀረው ግን አላደገም። ዋጋ የናረበት ሰው፣ ዋጋ ስለናረ ግብሩም ይናርበታል።

የዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ ያሳለፈውን አሳልፎ ነው የሚከፍለው። በሚያዝያ 2013 አጣዬን ያወደመው ጥቃት ሸዋ ሮቢትንም አላለፋትም። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ገባ። ሱቁ ተዘርፎበት በብድር የተነሣ አለ፤ ቤቱ ተቃጥሎበት ቆርቆሮ ለውጦ እንደገና የጀመረ አለ። ከዚያም ወዲህ እፎይ ያለበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሌላው እኩል «ክፈል» ማለት በየትኛውም ሚዛን ፍርድ አይደለም።

ግብሩ አልቆ መዋጮው ይመጣል። የአንድ ጎረቤቴን ደረሰኝ የሞላበት ፌስታል አይቻለሁ፤ የልማት፣ የስፖርት፣ የትምህርት ቤት፣ የመንገድ፣ የጸጥታ ድጋፍ፣ የጤና መድን፣ ደግሞም ለምን እንደሆነ ተለይቶ ያልተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት። የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ሲሄድ «የእንትንን መዋጮ መጀመሪያ ጨርስ» ይባላል። በፈቃደኝነት የሚሰጥ ነገር ሳይከፈል ጉዳይ የማይፈጸምበት ከሆነ ያው ግብር ነው፤ ልዩነቱ በአዋጅ አለመውጣቱ ብቻ ነው። ገበሬውም አልተረፈም። ሽንኩርቱና ማሾው ከማሳ ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየኬላው የሚጠየቀው ከዋጋው ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። ሕገወጥ ኬላ ይነሣ ሲባል ስንት ዘመን ሰማን!

መዋጮው ለምን እንዲህ በዛ ለሚል፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1994 ዓ.ም. ወረዳዎች በጥቅል ድጎማ በጀታቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ሲደረግ ትልቅ ተስፋ ነበር። ነገር ግን በየወረዳው የበጀቱ አብዛኛው ክፍል ለደመወዝ ነው የሚውለው። ወንበር መጠገኛ፣ ውኃ መሳቢያ፣ መንገድ መጥረጊያ የሚሆን አይተርፍም። ስለዚህ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሕዝቡ ይጠራል። መዋቅሩ ግን ከዓመት ዓመት ይሰፋል። ሸዋ ሮቢት ላይ የከተማው አስተዳደር አለ፤ የቀወት ወረዳ መቀመጫም እዚያው ነው። በአንድ ከተማ ሁለት አስተዳደር፣ በየአስተዳደሩም ስሙ የሚመሳሰል ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ከእነዚህ የትኞቹ ተጣምረው መሥራት ይችላሉ ብሎ መጠየቅ ኃጢአት መሆን የለበትም።

ከቆላ ቀበሌ ጉዳይ ይዞ የሚመጣውን ገበሬ አስቡት። የመስኖ ውኃ ተራው የደረሰው ዛሬ ነው። ተራ የሚያከፋፍለውን የውኃ አባት ለምኖ ተራውን ለሌላ አሳልፎ፣ በዚያ ሐሩር በእግሩ መጥቶ ደጅ ይቆማል። «አባባ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» ይባላል። ነገ ሲመጣ ኔትወርክ የለም። ከነገ ወዲያ ማኅተሙን የያዘው ሰው ለመስክ ወጥቷል። ሽንኩርቱ በዚህ መሐል ይጠወልጋል። ይህ ሁሉ በምንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ከግብሩ የማይተናነስ ክፍያ ግን ነው።

ለውጥ አልተሞከረም አልልም። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ተባለ፣ የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ካይዘን መጣ፣ አሁን ደግሞ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተጀምሯል። መሶብ ወደ እኛ ገጠር ቢዘልቅ ደስታዬ ነው። ግን አንድ ነገር ሳይነካ የቀረ አለ፤ ወረዳውን የሚጠይቀው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊም ይጠየቅ ይላል። ለወረዳና ለቀበሌ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠነው ግን ለመጨረሻ ጊዜ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የአምስት ዓመት ዘመኑ ሲያልቅ ምርጫው ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ሊገባ ደርሷል። የማንመርጠው፣ የማናወርደው ሹም እኛን የሚፈራበት ምን ምክንያት አለው? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት አሁንም የሚሠራው ጠያቂ ስለሌለ ነው።

ሕዝቡ ስስታም አይደለም። ለዓባይ ግድብ የወር ደመወዙን የሰጠው፣ ቦንድ የገዛው፣ እዚህም ያለው ሰው ነው። መስጠቱን ያላቋረጠው ግድቡ ሲያድግ ስላየ ነው። ለወረዳውም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ግምት ሲወጣ የተሰላበት መንገድ በጽሑፍ ይሰጠን፤ መንገድ የተዘጋበትና ንብረት የወደመበት ጊዜም ከሒሳቡ ይቀነስ። በፈቃደኝነት የሚሰጥ መዋጮ ከንግድ ፈቃድ እድሳትና ከማንኛውም ጉዳይ ይለይ። የዓመቱ በጀትና ወጪ በየቀበሌው በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ያልገባው ይጠይቅ፣ የተጠየቀውም ይመልስ። የአካባቢ ምርጫም ቀን ይቆረጥለት። ከእነዚህ አብዛኛው አዲስ አዋጅም ሆነ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። እነዚህ ሳይደረጉ «ግብር ክፈሉ፣ አገር ገንቡ» እያሉ መስበክ ለሕዝቡ ድካሙን መጨመር ነው።