ፖሌ፣ ፖሌፖሌና ሌሎች ድጋሚዎች

አማርኛ አንድ ድርጊት መደጋገሙን ለመግለጽ ሲፈልግ ከግሡ መካከል አንዱን ፊደል ይደግምና ሰበረ የነበረውን ሰባበረ፣ ቆረጠ የነበረውን ቆራረጠ ያደርገዋል፤ በናይሮቢ የሚነገረው ስዋሂሊ ግን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ሳይገባ ቃሉን እንዳለ ሁለት ጊዜ ይጠራዋል፤ ካታ መቁረጥ ሲሆን ካታካታ መቆራረጥ ነው። የሰዋስው ሊቃውንት ሁለቱንም ዘዴዎች ድግመት ይሏቸዋል።

ይሁንና የተደገመ ሁሉ በዝቷል ብሎ የሚያምን ሐበሻ ናይሮቢ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ፖሌ «ይቅርታ» ወይም «አይዞህ» እንደ ማለት ሲሆን ፖሌፖሌ ግን ሁለት ይቅርታ ሳይሆን «ቀስ በል» ማለት ነው፤ ስለዚህም በጠባብ መንገድ ላይ መንገደኛ ገፍቶ አብዝቶ ይቅርታ ለመጠየቅ ሲል ቃሉን ሳይተነፍስ የሚደግም እንግዳ፣ ራሱ ገፊ ራሱ ገሣጭ ሆኖ ይገኛል። አማርኛም ቢሆን በዚህ አይታማም ማለት አይቻልም፤ ቀማመሰ የተባለ ሰው ከቀመሰው ይልቅ አልጠገበም፤ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት አንሥቶ በወጉ ሳይበላ ተነሥቷል እንጂ። ደገመ የሚለው ግሥ ራሱ ያለበት ቦታ ካልታወቀ አያስተማምንም፤ ዳዊት የሚደግም ይከበራል፣ በሰው ላይ የሚደግም ይፈራል፣ ክፍል የሚደግም ደግሞ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውን ያውቀዋል።

ማሩዲዮ፣ ማለትም ድጋሚ፣ ቴሌቪዥን አስቀድሞ ያሳየውን ዝግጅት መልሶ ሲያቀርብ የሚጠቀምበት የስዋሂሊ ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ከዚህ የከበደ ሥራ ተሰጠው። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዴቪድ ማራጋ ሰብሳቢነት ሴፕቴምበር 1 ቀን በዋለው ችሎት ኦገስት 8 የተካሄደውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ሽሮ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲደገም ወሰነ፤ ተቃዋሚው ራይላ ኦዲንጋም በድጋሚው አልሳተፍም አሉ። በመጀመሪያው ዙር ከ8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ይዘው 54 በመቶ ገደማ ያገኙት ፕሬዚዳንቱ ኡሁሩ ኬንያታ፣ ኦክቶበር 26 በተካሄደው ድጋሚ ድምፃቸው ወደ 7.5 ሚሊዮን ወርዶ 98 በመቶ አገኙ። ድግመት ያበዛልም ያሳንሳልም ብለው ለሚያስተምሩ የሰዋስው መምህራን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላም የአገሪቱ ፖለቲካ ከድግመት አልተላቀቀም። ታንጋታንጋ ወዲያ ወዲህ መንከራተት ማለት ሲሆን፣ ኬንያታ ምክትላቸውን ዊልያም ሩቶን በየሳምንቱ መጨረሻ አገር ለአገር ይዞራሉ በማለት በዚህ ቃል ከተረቧቸው ወዲህ የምክትሉ ደጋፊዎች ታንጋታንጋ ተብለው ቀሩ፤ ሩቶም እ.ኤ.አ. በ2022 ዞረው ዞረው ፕሬዚዳንት ሆነው ስቴት ሃውስ ገቡ።

በናይሮቢ ኢስሊና ኸርሊንግሃም ሰፈሮች በሚገኙ የሐበሻ ቤቶች የሚፈላው ቡናም ለድግመቱ ስም ያወጣ መጠጥ ነው፤ የመጀመሪያው አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል። ስዋሂሊም ከዐረብኛ የወሰዳቸው አዋሊና ባራካ የሚሉ ቃላት ስላሉት ኬንያዊው እንግዳ መጀመሪያና በረከት መኖራቸውን ያለ አስተርጓሚ ይረዳና ቶና ላይ ብቻ ግራ ይጋባል። ዱቄቱ ግን ያው የአቦሉ ዱቄት ሆኖ ጀበናው ውስጥ ውሃ ብቻ ስለሚጨመርበት፣ በረካ ሲደርስ ሲኒው ውስጥ ያለው ነገር ስሙ ምርቃት፣ መልኩ ሻይ ነው፤ ሻይን ከወተት ጋር አፍልቶ መጠጣት የለመደው ኬንያዊ በዚህ ሰዓት ወተት ቢጠይቅ ሊፈረድበት አይገባም።